ታች ያለውን ኤክስ አታሻግሩት

ታናሽ ወንድሜን ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አልጀብራ ያስጠናሁት እዚሁ ጅማ፣ ቆጪ ቤታችን ውስጥ ነው። ተራው እኩልታ፣ ፋክተር ማድረግ፣ የኳድራቲክ ፎርሙላ ብዙም አላስቸገሩንም። በአንድ መስመር አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ የወጣውን ቁጥር መልሶ አስገብቶ ማየት፤ በቃ።

ያቃጠለኝ ኢንኢኳሊቲ (በእኩል ፋንታ ≥ ወይም ≤ ያለበት ጥያቄ) ነው። ጥያቄው (ኤክስ + 1) ÷ (ኤክስ − 2) ≥ 2 ይላል። ወንድሜ ቲቶሪያል ላይ እንዳሰሩት ታች ያለውን ወደ ማዶ አሻግሮ አባዛውና ኤክስ + 1 ≥ 2ኤክስ − 4 ብሎ ጻፈ። ከዚያ ኤክስ ≤ 5። ይሄ መልስ ከምርጫዎቹ መሀል ቁጭ ብሏል!

"ዜሮ ከ5 ያንስ የለ? እስቲ አስገባው" አልኩት። 1 ለኔጌቲቭ 2 ሲካፈል ኔጌቲቭ ግማሽ ወጣ፤ 2 የት አለና! ልጁ ደብተሩ ላይ አፍጥጦ ቆየና "ቲቸር ግን እንደዚህ ነው ያሰራን" አለኝ።

ኤክስ ከ2 ካነሰ ታች ያለው ኔጌቲቭ ነው፤ በኔጌቲቭ ስናባዛ ደግሞ ምልክቱ ይገለበጣል። ኤክስ ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ ይገለበጥ አይገለበጥ በምን ይታወቃል? ስለዚህ አይባዛም። 2ን ወደ ግራ አምጥቶ አንድ ላይ መጻፍ ነው፦ (5 − ኤክስ) ÷ (ኤክስ − 2) ≥ 0። የቁጥር መስመር ይሰመርና 2 እና 5 ላይ ይቆረጣል፤ ከየክፍሉ አንድ ቁጥር ይሞከራል። 0 ኔጌቲቭ ይሰጣል፣ 3 ፖዘቲቭ፣ 6 እንደገና ኔጌቲቭ። መልሱ ከ2 በላይ እስከ 5 ነው። 5 ይገባል፤ 2 ግን ታችኛውን ዜሮ ስለሚያደርግ አይገባም።

የቲቶሪያሉን አስጠኚ ሄጄ ጠየቅሁት። "ለፈተና የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው" አለኝ። እናታችን ከጉሊት ገቢዋ ቆንጥራ የከፈለችበት ትምህርት ነው! እስካሁን ያናድደኛል። የተሳሳተ መልስ በፍጥነት ቢደረስበት ምን ይረባል?

ምርጫ ያለበትን ወርክሺት መጀመሪያ ላይ አትስጧቸው። ሁሉም "የድሮ ፈተና ሥሩ" ይላል፤ እኔ ግን ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍኜ ነው ያሠራሁት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ተማሪው እያንዳንዱን መስመር ለምን እንደጻፈ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ጮክ ብሎ ያስረዳ። ማስረዳት ያቃተው መስመር ላይ ነው ችግሩ ያለው።

ስኩዌር ሩት ያለበትም እንዲሁ ነው። √(ኤክስ + 7) = ኤክስ − 5ን ሁለቱንም ወገን ስኩዌር ስታደርጉ 9 እና 2 ይወጣሉ። 2 ሲገባ ግራው 3፣ ቀኙ ኔጌቲቭ 3 ይሆናል። ወንድሜ ይቺን ማንም ሳይነግረው አስገብቶ አየና 2ን ሰረዘው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።