ሦስት አድራሻ አንድ ፖርት ላይ

አንድ ማሰልጠኛ ውስጥ ኔትወርክ ሳስተምር ነው። የላብ ፋይሎቻችን (ራውተሩ ላይ ፔስት የሚደረጉ ትዕዛዞች፣ ኮንፊግ የምንላቸው) በሙሉ ለሲስኮ 2811 ራውተር የተጻፉ ነበሩ፣ እሱ ፋስት ኢተርኔት 0/0 እና 0/1 የሚባሉ ሁለት ፖርቶች (የኬብል መሰኪያዎች) ነው ያለው። ከዛ 2911 መጣልን፣ ጊጋቢት ነው፣ 0/0፣ 0/1፣ 0/2 ብሎ ሦስት ፖርት አለው። 0/0ን ለማኔጅመንት (ራውተሩን ራሱን ለመቆጣጠር) ስለያዝነው የድሮው 0/0 ወደ 0/1፣ የድሮው 0/1 ደግሞ ወደ 0/2 መዞር ነበረበት። ፋይሉ ከ40 በላይ ስለሆነ አርብ ማታ በሴድ (ጽሑፍ ፈልጎ በሌላ የሚተካ ፕሮግራም) አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ፣ መጀመሪያ ፋስቱን ጊጋቢት አድርግ፣ ቀጥሎ 0/0ን 0/1 አድርግ፣ ከዛ 0/1ን 0/2 አድርግ። ምንም ኤረር ሳይል ጨረሰ፣ እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎቹ ኮንፊጉን ፔስት እንዳደረጉ አንዷ "ቲቸር፣ ፒንግ እምቢ አለኝ" አለች፣ ከኋላ ሌላው "የኔም"። ፒንግ ሌላው መሣሪያ መልስ ይሰጥ እንደሆነ መሞከሪያ ነው። ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ (የየኢንተርፌሱን፣ ማለትም የየፖርቱን አድራሻ የሚያሳይ ትዕዛዝ) በዪ አልኳት። 0/1 ባዶ ነው፣ 0/2 ላይ ግን 10.1.14.1 ቁጭ ብሏል፣ እሱ እኮ የሲሪያሉ (ራውተርን ከራውተር የሚያገናኘው ሌላው ፖርት) አድራሻ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሁለተኛው ትዕዛዝ 0/1 ያደረገውን ሦስተኛው መልሶ አግኝቶ 0/2 አደረገው፣ ስለዚህ ሁለቱም ፖርቶች 0/2 ሆኑ። ሲሪያል 0/0/0 ውስጥም 0/0 አለ አይደል፣ እሱም ተቀይሮ ተቀይሮ ሲሪያል 0/2/0 ሆነ፣ እዛ ስሎት (የካርድ ማስገቢያ) ላይ ካርድ የለም። ራውተሩ የማያውቀው ኢንተርፌስ ሲመጣ ኢንቫሊድ ኢንፑት (ትዕዛዙ ልክ አይደለም) ይልና እዛው የነበረበት ኢንተርፌስ ውስጥ ይቀራል፣ ቀጥሎ ያለው አይፒ አድራሻ እዛው ላይ ይገባል። ሦስት አድራሻ ተራ በተራ አንዱ ፖርት ላይ ወጣ፣ የመጨረሻው ብቻ ቀረ። ፔስት ሲደረግ መልዕክቱ እየሮጠ ስለሚያልፍ ማንም አላየውም።

በጣም ነው ያዘንኩት፣ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ውለው በእረፍት ቀናቸው የሚመጡ ልጆች ናቸው። ጠዋቱ በእጅ በማስተካከል አለቀ። አድራሻው ተስተካክሎም ፖርቶቹ ዳውን (የጠፉ) ነበሩ፣ ለካ ኖ ሻትዳውን (ፖርቱን የሚያበራው ትዕዛዝ) ሾው ራን (የራውተሩን ኮንፊግ የሚያሳየው ትዕዛዝ) ላይ ስለማይታይ ከድሮዎቹ ራውተሮች በተቀዳው ፋይል ውስጥ የለም።

እሁድ ቁጭ ብዬ በፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ ነው) እንደገና ጻፍኩት። የድሮ ስምና አዲስ ስም አንድ ሠንጠረዥ ላይ፣ ቅየራው መስመሩን አንዴ ብቻ አይቶ፣ ሙሉ ስሙን እንጂ ቁራጩን ሳይነካ። ሠንጠረዡ ላይ የሌለ ስም ካገኘ ወይም አንድ ኢንተርፌስ ፋይሉ ውስጥ ሁለቴ ከመጣ ይቆማል፣ ፋይል አያወጣም። እያንዳንዱ ፖርት ሥር ኖ ሻትዳውን ይጨምራል። ደሞ ክላስ ሳይገባ አንዱን ፋይል እውነተኛ ራውተር ላይ ራሴ ፔስት አድርጌ መስመር በመስመር አነበብኩት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ያቺው ልጅ ፒንግ አደረገች፣ አንድ ነጥብና አራት ቃለ አጋኖ መጣ፣ ነጥብ መልስ ያልመጣለት፣ ቃለ አጋኖ መልስ የመጣለት ሙከራ ነው። "ቲቸር፣ የመጀመሪያዋ ለምን ጠፋች?" አለችኝ፣ አርፕ ነው አልኳት፣ ራውተሩ መጀመሪያ የአይፒ አድራሻው የየትኛው መሣሪያ እንደሆነ የሚጠይቅበት መንገድ ነው፣ የዛን ቀኑን ትምህርት ከሱ ጀመርን።