ከጭንቀቴ አብዛኛው የታክሲ መንገድ ነበር

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲይዘኝ መጀመሪያ የታከምኩት ለአሜባ ነበር፤ መድኃኒቱን ደጋግሜ ወስጄ ስላልተሻለኝ በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በሚገባ ቀጭን ካሜራ፣ ታየሁና አልሰረቲቭ ኮላይቲስ የሚባለው የትልቁ አንጀት ቁስለት እንዳለብኝ ተነገረኝ። የአንጀቱን ቁጣ የሚያበርድ ሜሳላዚን የሚባል ክኒን ተጀመረልኝ። ዘመድ ወዳጁ ግን «አትጨነቅ፣ ይህ ሁሉ ከሐሳብ ነው» ሲለኝ አምኜ፣ ደሙ እንደቆመ ክኒኑን ተውኩት። በሁለት ወር ውስጥ አገረሸብኝና ፕሬድኒሶሎን በሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት ዳግም ተነሣሁ። ጭንቀት ሕመሙን ሊያባብሰው ቢችልም፣ አንጀቱን የሚያቆስለው የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት መዛባት ስለሆነ፣ ደኅና በሆንኩበት ጊዜም መድኃኒቱን ማቋረጥ እንደማይገባኝ የተረዳሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጭንቀቴ መቼና የት እንደሚነሣብኝ በደብተር መጻፍ ጀመርኩ። የሥራ ብዛት ይመስለኝ የነበረው ነገር፣ ሦስት ሳምንት የጻፍኩትን ሳነብ፣ ከአያት ሜክሲኮ የሚወስደኝ የጠዋት መንገድ ሆኖ ተገኘ። ከኋላ ወንበር ተጣብቄ፣ መገናኛ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ፣ ሆዴ ሲጮኽ «ወራጅ አለ» ብል የምወርድበት ቦታ ሽንት ቤት ይኖረው ይሆን እያልኩ ላብ ያጠምቀኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ መንገዱን በእግሬ እየሄድኩ ሽንት ቤት ያላቸውን ካፌዎችና ነዳጅ ማደያዎች መዘገብኩ። አንዲት ባለ ካፌ እናት ችግሬን ብነግራቸው «ግባ ልጄ፣ ይሄ ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል!» አሉኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ቅያሪ የውስጥ ሱሪ፣ ሶፍትና ፌስታል አይጠፋም፤ ቅያሪውን እስካሁን የተጠቀምኩበት አንድ ቀን ብቻ ቢሆንም፣ መያዙን ሳውቅ ሆዴም ልቤም ይረጋጋሉ።

ከሁሉ የከበደኝ ለአለቃዬ መንገር ነበር፤ ስለ ተቅማጥ በወግ የሚወራበት ቋንቋ ከየት ይመጣል? «የአንጀት ቁስለት አለብኝ፣ አንዳንዴ ከስብሰባ ሳላስፈቅድ እወጣለሁ» ብዬ በአጭሩ ነገርኳቸው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ወዴት ብሎ አልጠየቀኝም።

መንገድ ሲዘጋጋ እጄን እምብርቴ ላይ አድርጌ ሆዴን እያስነሣሁ በዝግታ እተነፍሳለሁ፤ ፍርሃቱን ያበርድልኛል፣ ቁስሉን ግን አያድንም። ስለዚህ ደም ካየሁ ወይም ተቅማጡ ሌሊት ከእንቅልፌ ከቀሰቀሰኝ ጭንቀት ነው ብዬ አላልፈውም፤ በማግስቱ ሐኪሜ ዘንድ ነኝ።

የጎንደርን አውቶቡስ እስካሁን አልደፈርኩትም። እናቴን ለመጠየቅ ስሄድ በአውሮፕላን ነው፤ እሳቸውም «ሀብታም ሆንክ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል።