ጋራዥ ውስጥ የማይጮኸው ፍሬን

ያኔ የምሠራው አዲሱ ገበያን አልፎ፣ የጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ ሽቅብ በሚጀምርበት አካባቢ ባለች ትንሽ ጋራዥ ነበር። ሁለት ዓመት ስለሠራሁ ራሴን ከመካኒክ ቆጥሬያለሁ። አለቃዬ ግን ገና ካቻቢቴ አቀባይ አድርጎ ነበር የሚያየኝ።

አንድ ጠዋት ኤንፒአር አይሱዙ የጭነት መኪና መጣ። ሹፌሩ ሸምገል ያሉ ናቸው። ከሱሉልታ ጠጠር ጭነው ወደ ከተማ ያወርዳሉ። «ፍሬኑ ይጮሃል» አሉኝ። እኔም ሌላ አልጠየቅኩም። ግቢው ውስጥ ትንሽ ነዳሁና ፍሬን ያዝኩ። ዝም። ደግሜ ስይዝ ሲጥ ያለ ነገር የሰማሁ መሰለኝ። ድምፅ ደግሞ አጥብቀው ከፈለጉት አይጠፋም።

ታኮ አደረግኩ፣ በክሪክ አነሳሁት፣ የኋላ ጎማዎቹን ፈታሁ። ታምቡሩን፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ከበሮ፣ ሳወጣ ሸራው፣ ማለትም ከውስጥ ታምቡሩን እየተጫነ መኪናውን የሚያቆመው ልባስ፣ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ውፍረቱ ደህና ነው፤ አልቆ የያዘው ሪቬት ጋ አልደረሰም። አገኘሁት አልኩ። ሸራ ከልክ በላይ ሲግል ፊቱ ይደርቅና ይለሰልሳል። ታምቡሩን መንከስ ትቶ ይንሸራተትበታል፣ ያኔ ያፏጫል። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩ። በኮምፕሬሰር እፍ የሚሉት አሉ፤ እኛ ጋ ክልክል ነበር፤ በተለይ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ስላለበት ለሳንባ ጠንቅ ነው። መልሼ ገጠምኩ። ሰውዬው ከፍለው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

በአራተኛው ቀን ተመለሱ። ምርቃቱ የለም። «ልጄ፣ ምኑን ነው የሠራኸው?»

ሸራው ይቀየር ልል አፌን ስከፍት አለቃዬ እጁን እየጠረገ መጣ። ጎማውን ዞር ብሎም አላየው። «ባዶውን ነው የሚጮኸው ወይስ ሲጭኑ?» አላቸው። «ኧረ ሁልጊዜ ነው» አሉ ሰውዬው። ረዳቱ ከላይ፣ ከጭነቱ ሳጥን ላይ ሆኖ ሳቀ። «ባዶውንማ አይጮህም ጋሼ። ጠዋት ስንወጣም ምንም የለውም። ቁልቁለቱን ስናጋምስ ነው የሚጀምረው። ደግሞ ይሸታል።»

አለቃዬ ወደ እኔ ዞረ። «ይሸታል ነው የሚልህ። ነገ አብረህ ውረድ።»

በማግስቱ ጠጠር እስከ አፉ ሞልተን ከሱሉልታ ተነሳን። ጋራው ጫፍ ደርሰን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ማዘቅዘቅ ሲጀምር፣ ሰውዬው ማርሹን ዜሮ አደረጉት። «ናፍታ እንቆጥባለን» አሉኝ፣ ምስጢር እንደሚነግሩኝ ሁሉ። ከዚያ በኋላ እግራቸው ከፍሬኑ አልተነሳም። ለጥቂት ደቂቃ ሰላም ነበር። ባሕር ዛፉን እያየሁ ነው። ከዚያ ከቀኝ በኩል ፉጨት ጀመረ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ሰውዬው ፔዳሉን ሲረግጡ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ወረደ። እኔ ፉጨቱን ረሳሁት። ዶት 3 የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ ቆይቶ እርጥበት ሲጠጣ ግን 140 አካባቢም ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት ውስጥ እንፋሎት አለ፣ እንፋሎት ሲረገጥ ይታመቃል እንጂ ሸራ አይገፋም። ይህን የማውቀው በወሬ ነበር። «ጋሼ፣ ማርሽ ያስገቡ!» ብዬ መጮሄን አስታውሳለሁ። ደግነቱ ሦስተኛ ገባላቸው።

ታች ደርሰን ዳር ይዘን ቆምን። የእጄን ጀርባ ወደየሞዞው፣ ወደየጎማው መሃል፣ አስጠጋሁ፣ ሳልነካ። ሁሉም ግሏል። የኋላ ቀኙ ግን እጅ አያስጠጋም።

ጋራዥ ገብተን ስንከፍተው የቀኙ መመለሻ ሞላ፣ ፍሬን ሲለቀቅ ሸራውን ከታምቡሩ የሚያላቅቀው፣ ላልቷል። ሸራው ፍሬን ተለቆም ታምቡሩን እየታከከ ነበር የሚሄደው። መጀመሪያ ቀን ሞላው እጄ ላይ ነበር፤ አወጣሁት፣ መልሼ ገጠምኩት፣ ከግራው ጋር እንኳ አላስተያየሁትም። የሁለቱንም ጎን ሸራና ሞላ ቀየርን፤ የአንዱ ብቻ ከተቀየረ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ታምቡሩ ሰማያዊ ነጠብጣብ አውጥቷል። ቶርኖ ቤት ወስደን ፊቱን ከማስላጣችን በፊት ላዩ ላይ የተጻፈውን፣ ከዚህ በላይ አይላጥም የሚለውን የመጨረሻ ልክ አየን፤ ገና ቦታ ነበረው። የፍሬን ዘይቱንም ቀየርነው።

የቀረው የሰውዬው ማርሽ ነው። ያንን አለቃዬ ራሱ ያዘው፣ እኔ ብናገር አይሰሙኝም። «በወጡበት ማርሽ ይውረዱ፣ የሞተር ፍሬኑንም ይጠቀሙበት» አላቸው። ናፍታውስ? አሉ። እዚህ ላይ እኔም ጆሮዬን ቀሰርኩ። ማርሽ ገብቶ፣ እግር ከነዳጁ ተነስቶ ሲወረድ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው፤ ፓምፑ ናፍታ ይቆርጣል። ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል። ሰውዬው ለአፍታ ዝም ብለው «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን...» አሉና ተዉት።

ከወር በኋላ ጋራዡ በር ላይ ቆመው ክላክስ አደረጉ። ፍሬኑ ዝም ብሏል አሉ። «ግን አሁን ደግሞ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ይጮሃል።»

አለቃዬ ከመኪና ሥር ሆኖ «እሱን እንዳያሠሩት!» አላቸው።