ባልየው ደጅ ሲጠብቅ

ደሴ በአንድ ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። አንድ ቀን የሁለት ልጆች እናት የሦስት ወሩን መርፌ ልትወጋ መጣች። ካርዷን ስጽፍ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲስተር፣ ከባለቤቴ ጋር ስንቀራረብ ምንም አይሰማኝም» አለችኝ።

ቶሎ መርፌው ላይ ፈረድኩ። አንዳንድ ሴቶች ፍላጎታቸው እንደሚቀንስ ስለማውቅ፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን፣ ሆርሞን የሌለውን ሉፕ አስገባሁላት። ሌላ ምንም አልጠየቅኳትም፤ ወረፋው ረጅም ነበር።

ከአራት ወር በኋላ ተመልሳ መጣች። ሉፑ ያመጣባትን ቁርጠት ችላዋለች፤ ችግሩ ግን እንዳለ ነው። ባልየው ልጁን ታቅፎ ደጅ ቆሟል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስለሚሠራ ቅዳሜ ማታ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ይመጣል፣ ሰኞ ሳይነጋ ይወርዳል። «ይግባ ወይ?» አልኳት፤ እሺ አለች። የታካሚ ወንበር አንድ ብቻ ስለነበር ከጎረቤት ክፍል ተዋስኩ።

«አንተስ ወንድሜ፣ ምን ትላለህ?»

መሬት መሬቱን እያየ፣ «ፊቷ ሲጠቁር ደክሟት ነው እላለሁ። ማስቸገር ስለማልወድ ዝም እላለሁ» አለ።

«ዝም ሲል የሰለቸሁት ይመስለኛል» አለች እሷ። «እኔ መጀመሪያ ቁጭ ብለን ብናወራ ነው የምወደው።»

ሁለቱም የሚያወሩት ለእኔ ነበር። ይሄኔ ግን ወደ እሷ ዞረና፣ «እኔስ ሌላ ምን ፈለግኩ?» አላት።

በኋላ ስለ ጉዳዩ አነበብኩ። ዶን በርን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳየው፣ ሰው አመለካከቱ ከራሱ ጋር የሚመሳሰልን እንግዳ ሰው ይበልጥ ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ 313 ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገሙ ተመራማሪዎች፣ አብረው በቆዩ ሰዎች መካከል ከእውነተኛው መመሳሰል ይልቅ «እንመሳሰላለን» ብሎ ማመን ከመሳሳብ ጋር እንደሚያያዝ አገኙ። የእኔዎቹ ባልና ሚስት ልባቸው አንድ ነበር። ግን ሁለቱም «የእሱ ሐሳብ ሌላ ነው፣ የእሷ ሐሳብ ሌላ ነው» ብለው ደምድመዋል። ጨዋ ሰው ስለዚህ ነገር አያወራም ተብለው ስላደጉ፣ ማን አፉን ይክፈት?

መርፌው ፈጽሞ ጥፋት የለበትም አልልም። ግን ሳልጠይቃት ነው የቀየርኩላት፤ ያ ቁርጠት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን ሁለተኛ ወንበር አለኝ። ሴትዮዋ ከፈቀደች ባልየውን አስገባለሁ። እምቢ ካለች ግን አላስገድድም፤ የማትፈቅድበትን ምክንያት የምታውቀው እሷ ናት።

ለክትትል ስትመጣ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኳት።

«ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቡና አፈላለሁ። እስከ በረካው እናወራለን» አለችና ፈገግ አለች። የቀረውን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።