ፓናማ ልትሄዱ ካሰባችሁ የቢጫ ወባ ካርዳችሁን አንብቡ

ይህን የምጽፈው ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዬ እስካሁን ስለሚቆጨኝ ነው። ፓናማ ቆንጆ አገር ናት። ተመልሼ እሄዳለሁ። ግን እዚያ ለመድረስ ያየሁትን ፍዳ ማንም አበሻ እንዲያይ አልፈልግም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። የአሜሪካ ፓስፖርት ስላለኝ ቪዛ አላስፈለገኝም፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ግን ኤምባሲያቸውን ራሳችሁ ጠይቁ፣ የጓደኛ ወሬ ይዛችሁ እንዳትነሱ። ብር መቀየር የለም። ባልቦዋ የሚባል ገንዘብ ቢኖራቸውም ሳንቲም ብቻ ነው፣ ወረቀቱ የአሜሪካ ዶላር ነው። ዝናብ የማይበዛው ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል ነው። በቃ።

አሁን ወደ ጉዳዩ።

ገናን አዲስ አበባ ከቤተሰብ ጋር አሳልፌ፣ በአንድ የአውሮፓ ከተማ በኩል ወደ ፓናማ፣ ከዚያ ወደ ቤቴ ሜሪላንድ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት አለባቸው በሚባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። ስለዚህ ፓናማ ከእኛ አገር የሚመጣን፣ አንድ ዓመት የሞላውን ሕፃን ሳይቀር፣ የክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ይህን አውቅ ነበር። ካርዴም በእጄ ነው። በ2012 ተከትቤ የተሰጠኝ፣ ማኅተሙም ፊርማውም ያለበት። ቦሌ ላይ አይተው አሳለፉኝ።

አውሮፓ ስደርስ ግን በሩ ላይ የቆመችው የአየር መንገዱ ሠራተኛ ካርዱን ገለጥ አድርጋ ጣቷን አንዲት ዓምድ ላይ አሳረፈች። በሰማያዊ እስክሪብቶ "እስከ 2022" የሚል ተጽፎበታል። "ጊዜው አልፏል፣ መሳፈር አትችይም" አለችኝ።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ድሮ የቢጫ ወባ ክትባት ያገለግል የነበረው አሥር ዓመት ነው፤ ስለዚህ የክትባት ጣቢያው ሰው አሥር ደምሮ ይጽፍ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን አንድ ጊዜ መከተብ ለዕድሜ ልክ እንደሚበቃ አይቶ ደንቡን ለወጠ። ከጁላይ 11 ቀን 2016 ጀምሮ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። አዲስ የሚወጣው ብቻ አይደለም፣ ከዚያ በፊት የወጣውም ጭምር። የማብቂያ ቀን ተጽፎበትም ቢሆን ያገለግላል። ደንቡ ይህንኑ ለይቶ ነው የሚናገረው፣ እንደ እኔ ዓይነት ካርድ የያዘ ሰው እንዳይንገላታ ተብሎ።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። በእርጋታ ነገርኳት። "እዚህ የተጻፈው 2022 ነው" አለች። አለቃዋ እንዲመጣ ለመንኩ። መጣ፤ ካርዱን አገላብጦ አየና እሱም ያችኑ ዓምድ ነካ። ኮምፒውተራችሁ ላይ የፓናማን መግቢያ ደንብ ክፈቱና አንብቡልኝ ብል በሩ ሊዘጋ ነው ጊዜ የለንም አለኝ። ጊዜውን የበላው ማን ሆነና! ከዚያ ደግሞ ምክር ጨመረልኝ፣ "ከተማ ገብተሽ ተከተቢና ነገ ነይ"። አዲስ ለሚከተብ ሰው ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተበ ከአሥር ቀን በኋላ መሆኑን እንኳን አያውቅም። ይህ ክትባት ደግሞ ዝም ብሎ ውሰዱ የሚባል አይደለም። ከ60 ዓመት በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ሰው ሐኪም ሳያማክር መውሰድ የለበትም። እናቴ ብትሆንስ ኖሮ? ካርዷ ደህና ሆኖ ሳለ ፈርታ ሄዳ ትወጋ ነበር።

ሻንጣዬን ከአውሮፕላኑ አወረዱት። አውሮፕላኑ ሄደ። እኔ መስታወቱ ጋ ቆሜ ቀረሁ። ሆቴሉን ከኪሴ ከፈልኩ፣ ምክንያቱም "የሰነድ ችግር የተሳፋሪው ኃላፊነት ነው" ተባልኩ። ሰነዴ ችግር የለበትም! ይህ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ማታ የዓለም ጤና ድርጅትን ገጽ ከፍቼ የፓናማንም የዕድሜ ልኩንም አንቀጽ ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ አሳተምኩ፣ በቢጫ ቀለምም አሰመርኩበት። በማግስቱ ሌላ ልጅ ነው የገጠመኝ። ወረቀቴን ሳይቀበል ኮምፒውተሩ ላይ ጻፍ ጻፍ አደረገና አነበበ። "ዕድሜ ልክ ነው፣ ትክክል ነሽ" ብሎ የመሳፈሪያ ወረቀቴን ሰጠኝ። ደቂቃ አልፈጀበትም። ትናንት ሁለት ሰዎች ያልፈለጉትን እሱ በደቂቃ አነበበው። ፓናማ ስደርስ ደግሞ ሰውየው ካርዱን በጨረፍታ አይቶ መለሰልኝ። ስለ ቀኑ ቃል አልተነፈሰም።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። ካርዳችሁ የቆየ ከሆነ አንቀጹን በእንግሊዝኛ አሳትሙና ከካርዱ ጋር በስቴፕለር አያይዙት፤ ስልክ ላይ ያለ ነገር በር ላይ ማንም አያይላችሁም። ትራንዚት ላይ በሩ ሳይጨናነቅ ቀድማችሁ ሂዱና ሰነዴን እዩልኝ በሉ። ጠሪ እስኪጠራችሁ ጠብቁ የሚለውን ማስታወቂያ አትስሙ፣ ክርክር ጊዜ ይፈልጋል። "አሳድሰው" የሚል ቢሮ ካጋጠማችሁ ዕድሜ ልክ መሆኑን ንገሩት። ሳይከተቡ ካርድ የሚገዙ እንዳሉም እሰማለሁ። እባካችሁ ተዉ፣ ቢጫ ወባ ይገድላል።

ያ ቀን ያስቀረብኝ ጉና ያላን ነው። በካሪቢያን በኩል ያሉት የሳን ብላስ ደሴቶች ማለት ነው። የጉና ሕዝብ በ1925 አምፆ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድርበትን መብት ያገኘ ሕዝብ ነው። ባሕሩ እየጨመረ ስለመጣባቸው በ2024 ጋርዲ ሱግዱብ ከምትባል ደሴት ብዙ ቤተሰቦች ወደ ዋናው ምድር ተዛውረዋል። ያን ቦታ ማየት ነበር ምኞቴ። ቀብዱም ቀለጠ።

ዋና ከተማው ውስጥ የፓናማን የመርከብ ቦይ ማየት ግድ ነው፤ ሚራፍሎሬስ ይባላል ቦታው። በ1914 የተከፈተ፣ በ1999 መጨረሻ ላይ ከአሜሪካ እጅ ወደ ፓናማ የተመለሰ። ትኬቱን ቀኑን ሙሉ ይሸጡላችኋል። እናንተ ግን እኩለ ቀን ላይ አትሂዱ፣ መርከብ የለም፣ ባዶ ውሃ ነው የምታዩት። ጠዋት በር ሲከፈት፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ካልሆነም ከሰዓት በኋላ ሂዱ። በር በተዘጋበት ገንዳ ውስጥ ውሃ እየተሞላ፣ ፎቅ የሚያክል መርከብ በዝግታ ወደ ላይ ሲነሳ አጠገባችሁ ነው። ወደ ጋቱን ሐይቅ ለመግባት በአጠቃላይ 26 ሜትር ያህል ነው የሚነሳው።

ከዚያ ወጥታችሁ አፍሮ አንቲላዊ ሙዚየም ግቡ። ቱሪስቱ አያውቀውም። የባርቤዶስ ሰዎች የሠሯት የእንጨት ጸሎት ቤት ነበረች። ቦዩን የቆፈሩት በአብዛኛው ከባርቤዶስና ከጃማይካ የመጡ ጥቁሮች ናቸው። ነጩ አሜሪካዊ በወርቅ፣ ጥቁሩ በብር ነበር የሚከፈለው፤ የሚሰለፉበት መስኮት ሳይቀር ለየብቻ ነው። ቦዩን አይቶ ይህን ሳያይ የሚመለስ ሰው ግማሹን ነው ያየው።

በካሪቢያን ዳር ወዳለችው የጥንት ወደብ ፖርቶቤሎ ደግሞ ከዋና ከተማው የአልብሩክ መናኸሪያ የኮሎንን አውቶቡስ ይዛችሁ ሳባኒታስ ላይ ትቀይራላችሁ። ወደ ምሽጎቹ ከመሄዳችሁ በፊት ቤተ ክርስቲያኑ ግቡ። እዚያ ጥቁሩ ክርስቶስ አለ፣ መስቀሉን ተሸክሞ፣ ከእንጨት የተቀረጸ፣ ቀሚስ የለበሰ። በእኛ ሥርዓት ሥዕል እንጂ ቅርጽ ባይለመድም ፊቱን ሳይ ዝም አልኩ። ክብረ በዓሉ ኦክቶበር 21 ነው። ሐምራዊ ለብሰው በእግር ይመጣሉ፣ መጨረሻውን በጉልበት የሚድሁም አሉ። ቁልቢ ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣውን ስለት ያለበትን ሰው ያየ ወዲያው ይገባዋል።

የኔ ልብ የቀረው ግን ቦኬቴ ነው። ከአልብሩክ የሌሊት አውቶቡስ እስከ ዳቪድ፣ ከዚያ በትንሽ አውቶቡስ ወደ ተራራው። የሌሊቱ አውቶቡስ ኤሲው አጥንት ይሰብራል፣ ጋቢ ያዙ። የሀገሪቱ ትልቁ ተራራ ባሩ (3,474 ሜትር) እዚያ ነው፤ ሰማዩ ከጠራ ሁለቱም ውቅያኖሶች ከአናቱ ይታያሉ።

እኔ የሄድኩት ለጌሻ ቡና ነው። ዘሩ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ በ1930ዎቹ ተለቅሞ፣ በምሥራቅ አፍሪካ አድርጎ፣ በ1953 ኮስታ ሪካ ገባ። ከዚያ በ1960ዎቹ ፓናማ። በ2004 በአገሪቱ የቡና ውድድር ኤስሜራልዳ የተባለው እርሻ ይዞት ሲቀርብ ዓለም ጉድ አለ። በ2025 ጨረታ አንድ ኪሎው ከ30,000 ዶላር በላይ ተሸጧል።

እርሻው ላይ ንጎቤ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝብ ሴቶች ረጅም ባለ ቀለም ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ቅርጫት ወገባቸው ላይ አስረው ይለቅማሉ። ቀይ የሆነችውን ፍሬ ብቻ፣ በሁለት ጣት፣ ጠምዘዝ አድርገው። አረንጓዴ ከገባ ይመለሳል። አስጎብኚዋ ከየት ነሽ ስትለኝ ኢትዮጵያ አልኳት። ሲኒውን ለኔ ቀድማ ሰጠችኝ። ቀጭን ነው፣ ጃስሚን ጃስሚን ይላል፣ የኛን ይርጋጨፌ ያስታውሳል። ኮራሁ፣ ተናደድኩም። ዘሩ የኛ፣ ጫካው እስከዛሬ የኛ፣ ያን ያህል ዋጋ የሚቆረጥለት ግን እዚያ። ፓናማዎቹን አልወቅስም፤ አንድ በአንድ ለቅመው፣ ለየብቻ አድርቀው፣ በስሙ ነው የሸጡት። የኛ ገበሬ ለዚያ ልፋት የሚከፍለው ቢያገኝ እሱም ያደርገዋል።

የእርሻ ጉብኝቱን ከከተማው ደላላ ሳይሆን ከእርሻው በቀጥታ ያዙ። ጃንዋሪ ላይ ከሆነ የምትሄዱት ማረፊያ ከወራት በፊት ያዙ፤ የአበባና የቡና ዐውደ ርዕዩ ያኔ ስለሆነ ክፍል አይገኝም።