ካራቫን ደልድሎ ማቆም እንዴት እንደተማርኩ

ካራቫናችን ውስጥ፣ በመኪና በሚጎተተው ተንቀሳቃሽ ቤት፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ያደርኩት እግሬ ከራሴ በላይ ሆኖ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭንቅላቴ ከብዶኝ፣ ጆሮዬ ድም ድም እያለ ነቃሁ። ባለቤቴ ተንሸራታ መጥታ ከግድግዳው ጋር አጣብቃኛለች። "አንተ፣ ይሄ ነገር ተገልብጧል እንዴ?" አለችኝ በጨለማው። አልተገለበጠም። ግን ቀጥ ብሎም አልቆመም። መብራት አብርታ ከጠረጴዛው ላይ ብዕር አነሳችና መሃል ላይ አስቀመጠችው። ብዕሩ ትንሽ አሰበበት፣ ከዚያ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ከወለሉም እየተንከባለለ አልጋው ስር ገባ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገንም።

ማታ ስንደርስ ሜዳው ለጥ ያለ ነው ብዬ ነበር። ዓይን ግን ያታልላል። ለምሳሌ የእኔ ካራቫን ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ 2 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ስፋት ላይ የአንድ ዲግሪ ዝማሜ ማለት አንዱ ጎማ ከሌላው 3.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አለ ማለት ነው። ሣር በለበሰ መሬት ላይ 3.5 ሴንቲ ሜትር ማን ያያል? አልጋ ላይ ሲተኙ ግን ጀርባ ወዲያው ይቆጥረዋል።

ሲነጋ ማስተካከል ጀመርኩ። ጥፋቱም አብሮ ጀመረ።

ካራቫኑ አራቱም ማዕዘን ላይ የሚወርዱ እግሮች አሉት። በእጅ ማዞሪያ ነው የሚወርዱት። ያያቸው ሁሉ ክሪክ፣ ማለትም ማንሻ፣ ናቸው ይላል፤ እኔም ያልኩት ያንን ነው። ወደ ዘመመው ጥግ ሄድኩና ማዞር ያዝኩ። መጀመሪያ ቀለለኝ። ከዚያ ከበደኝ። ከዚያ ሁለት እጄን አድርጌ፣ ጥርሴን ነክሼ አዞርኩ። ጥጉ እውነትም ከፍ አለ። ደስ ብሎኝ ውስጥ ገብቼ ላይ ስል በሩ እምቢ አለ። ገፋሁት፣ ሳብኩት፤ ፍሬሙ ላይ ተቀርቅሯል።

አጠገባችን ያረፉ አንድ ትልቅ ሰው ከወንበራቸው ሳይነሱ ሲያዩኝ ቆይተዋል። በመጨረሻ አላስቻላቸውም።

"ልጄ፣ እሱ እኮ ክሪክ አይደለም" አሉኝ።

"ታዲያ ምንድነው ጋሼ?"

"እንዳይወዛወዝ ነው የተሠራው። እንዲያነሳ አይደለም። ሻንሲውን፣ የታች ብረቱን፣ ጠመዘዝከው፣ ለዚያ ነው በሩ የያዘህ። መልሰው።"

መለስኩት። በሩ ተከፈተ። እግሮቹ ሸክሙን የሚካፈሉት ካራቫኑ በጎማውና ፊቱ ላይ ባለው በእውነተኛው ክሪክ ከተስተካከለ በኋላ ነው። መሬት ነክተው ትንሽ ጠበቅ ካሉ ሥራቸው አለቀ። ከዚያ በላይ ካዞሩ አንዱን ጥግ ብቻ ሽቅብ እየገፉ ሙሉውን ቤት ማጣመም ነው። በር ይይዛል፣ መስኮት ይጨናነቃል፣ እግሩ ራሱም ሊጎብጥ ይችላል።

እኚህ ሰው ያስተማሩኝ ነገር ሲጠቃለል ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ግራና ቀኝ። ከዚያ ታኮ፣ ጎማው እንዳይንከባለል የሚወሸቀው። ከዚያ ከመኪናው መፍታት። ከዚያ ፊትና ኋላ። እግሮቹ መጨረሻ። ይህን ከእሳቸው አፍ ስሰማው ቀላል ነበር። በተግባር ግን እያንዳንዱን በየተራ እያበላሸሁ ነው የያዝኩት።

ግራና ቀኝ መጀመሪያ የሚሆነው፣ እሱን ሊያስተካክል የሚችለው ጎማ ስር የሚገባ ነገር ብቻ ስለሆነ ነው። ጎማውን ጣውላ ላይ የሚያወጣው ደግሞ መኪናው ነው። ከፈቱት በኋላ ማን ይጎትተዋል? እኔ ግን በሁለተኛው ጉዞ ፈትቼ፣ የፊቱን አስተካክዬ፣ ላቤን ጠርጌ ስጨርስ ነው ቀኝ ጎኑ መዝመሙ ትዝ ያለኝ። እንደገና መኪና ማስጠጋት፣ እንደገና ማያያዝ። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ዝምታዋ ግን ይናገር ነበር።

አሁን ጣውላዎች አሉኝ። እያንዳንዳቸው 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አላቸው፣ ከጎማው ሰፋ ይላሉ፣ ጫፋቸው በሰያፍ ተቆርጧል። ሁለት ስደርብ የታችኛውን ረዘም አደርገዋለሁ፣ ጎማው እንደ ደረጃ እንዲወጣ። የእኔ ካራቫን በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ ስላለው በዘመመው በኩል ሁለቱንም ማንሳት አለብኝ። አንዱን ብቻ አንስቼ ሌላውን እንዲንጠለጠል ከተውኩት የዚያ ጎን ክብደት በሙሉ አንዱ ጎማ ላይ ያርፋል። ጎማው ጣውላው ላይ ሲቆምም ሙሉ በሙሉ መቀመጥ አለበት። ጠርዙ በአየር ላይ ከቀረ ጎማው ይጎዳል።

ምን ያህል ጣውላ እንደሚበቃ ድሮ በግምት ነበር። መውጣት፣ ማየት፣ መውረድ፣ አንድ መጨመር፣ እንደገና መውጣት። አሁን አንዴ ነው የምለካው። የ60 ሴንቲ ሜትር ውሃ ልክ አለኝ፣ ዝማሜን በውስጡ ባለች አረፋ የሚያሳይ። ወለሉ ላይ፣ ከጎማዎቹ በላይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አጋድሜ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ በዘመመው ጫፉ ስር ቀጫጭን ነገር እሸጉጣለሁ። የታጠፈ ወረቀት፣ የካርቶን ቁራጭ፣ ያገኘሁትን። አረፋዋ መሃል ስትገባ የሸጎጥኩትን በማስመሪያ እለካለሁ። ባለፈው 1.8 ሴንቲ ሜትር መጣ። 2 ሜትሩ የ60 ሴንቲ ሜትር ሦስት እጅ ከሲሶ ነው፤ ስለዚህ 1.8 ሲባዛ 6 ሴንቲ ሜትር። ሁለት ጣውላ። አንድ ጊዜ ወጣሁ፣ ሆነ። ሂሳብ ስወድ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

መኪናውን የምነዳው እኔ፣ ውጭ ቆማ የምትመራኝ ባለቤቴ ናት። መጀመሪያ "ና... ና... ና..." ትለኝ ነበር። "ና" ችግሩ ማቆሚያ የለውም። አንድ ቀን በሦስተኛው "ና" ከጣውላው አልፌ ቁልቁል ወረድኩ፤ ካራቫኑ ውስጥ ያለው ሳህን ሁሉ ተንጫጫ። አሁን አትጠራኝም። እጇን ከፍ አድርጋ ትቆማለች፣ ጎማው ቦታው ሲደርስ ትጥለዋለች። እጇን መስታወቱ ውስጥ ካጣሁት ደግሞ ሳልጠየቅ እቆማለሁ።

ወደ ታኮ ልምጣ። ስለሱ ስጽፍ አሁንም ሆዴን ይቆርጠኛል። ሦስተኛው ጉዞ ላይ ነው። ጎኑን አስተካክዬ፣ ከአንዱ ጎማ ኋላ አንድ ድንጋይ ወሽቄ፣ የፊቱን ክሪክ ማንሳት ጀመርኩ። የካራቫኑ አንገት ከመኪናው ኋላ ካለው መጎተቻ ኳስ ላይ ቀስ እያለ ተነሳ። ሙሉ በሙሉ ሲላቀቅ "ቋ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ካራቫኑ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሄደ። ድንጋዩ ተንሸራተተ። የክሪኩ እግር አፈሩን እያረሰ ተጎተተ። ከዚያ በራሱ ጊዜ ቆመ። ለምን እንደቆመ አላውቅም፤ እኔ ግን ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። እግሬ ከክሪኩ አጠገብ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ድንጋይ አልጠቀምም። ትክክለኛ ታኮ፣ ከጎማው ፊትም ኋላም፣ በሁለቱም በኩል። ጣውላ ላይ ያልወጡት ጎማዎች በተለይ ጠበቅ ተደርገው መያዝ አለባቸው፣ መሬቱን የረገጡት እነሱ ናቸውና። ታኮውን ካስገባሁ በኋላም ወዲያው አልፈታም። የመኪናውን ፍሬን ለቀቅ አድርጌ ካራቫኑ ታኮው ላይ እስኪደገፍ እጠብቃለሁ። ሊንቀሳቀስ ካለ አሁን፣ ገና ከመኪናው ጋር እንደታሰረ፣ ይንቀሳቀስ።

የፊትና የኋላው በአንጻሩ ቀላል ነው። የፊት ክሪኩን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማዞር ብቻ። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ከስሩ ሰፊ እንጨት አደርጋለሁ፣ አለበለዚያ ሌሊት ይሰምጣል። አንድ ትንሽ ብልሃት ግን ሳልናገር አላልፍም። አንገቱ ከኳሱ በተላቀቀበት ቅጽበት ክሪኩ ላይ በተጣባቂ ፕላስተር ምልክት አደርጋለሁ። ስንሄድ እስከዚያ ምልክት አነሳዋለሁ፣ መኪናው ስሩ ይገባል። ምልክቱ ሳይኖር በፊት መኪናዬን ስንት ጊዜ ከካራቫኑ አንገት ጋር እንዳጋጨሁት የኋላ ሰሌዳዬ ይመሰክራል።

አሁን ስለ ውሃ ልክ ላውራ፣ ለብዙ ጊዜ ሲዋሸኝ ስለኖረ። ካራቫኑን ስገዛው ያገለገለ ነበር። የቀድሞው ባለቤት ፊቱ ላይ ትንሽ ውሃ ልክ ለጥፎበታል። እሱን አምኜ አስተካክላለሁ፤ አረፋዋ መሃል ናት፤ ውስጥ ስገባ ብዕሩ ይንከባለላል። ብዕሩን ተጠራጠርኩ። በመጨረሻ የ60 ሴንቲ ሜትሩን ሳመጣ ግን ብዕሩ ትክክል ነበር። ለጣፊው ዘመም አድርጎ ለጥፎታል።

የራስዎን ውሃ ልክ ለመፈተሽ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት፣ አረፋዋ ወዴት እንደሄደች ይዩ። ከዚያ ግራውን ወደ ቀኝ አዙረው እዚያው ቦታ ላይ ይመልሱት። አረፋዋ ሁለቱንም ጊዜ ወደ መስኮቱ ከሄደች ያዘመመው ጠረጴዛው ነው። ከውሃ ልኩ ጋር አብራ ከዞረች ጥፋቱ የራሱ የውሃ ልኩ ነው። እኔ በጥሩው ወለሉን አስተካክዬ፣ የፊቱን ነቅዬ፣ መሃል እንዲያሳይ አድርጌ እንደገና ለጠፍኩት። ሌላም ጎኑ ላይ ጨመርኩ።

ይህ ሁሉ ለእንቅልፍ ብቻ ነው? አይደለም። ፍሪጅ አለ። በጋዝ የሚሠራው የካራቫን ፍሪጅ ሞተር የለውም። ውስጡ ያለው የአሞኒያና የውሃ ቅልቅል በሙቀት ይነሳል፣ በራሱ ክብደት ተመልሶ ይፈሳል። ቁልቁል የሚፈሰው ነገር ደግሞ ቱቦው ሲዘም መንገዱን ያጣል፣ አንድ ቦታ ይጠራቀማል። እሳቱ ግን መንደዱን አይተውም። ማቀዝቀዝ ይቀንሳል፤ ለረጅም ጊዜ እንዲህ ከሠራ የማይጠገን ጉዳት ይደርስበታል። ስንጓዝ ችግር የሌለው መንገዱ ስለሚያናውጠው ነው፤ አንድ ቦታ አይጠራቀምም። የእኔ ፍሪጅ መመሪያ በአንድ አቅጣጫ 3፣ በሌላው 6 ዲግሪ ድረስ ይፈቅዳል። በኮምፕረሰር፣ ማለትም በሞተር፣ የሚሠራ ፍሪጅ ያላችሁ ይህ ብዙም አያስጨንቃችሁም። የመታጠቢያው ውሃ ግን ማንንም አይለይም። ወለሉ ወደ ማፍሰሻው ካላዘመመ ጠዋት ጠዋት ኩሬ ውስጥ ቆማችሁ ነው የምትታጠቡት።

አሁን ግማሹን ሥራ የምሠራው ካራቫኑን ከማስገባቴ በፊት ነው። ከመኪናው ወርጄ ቦታውን በእግሬ እዞረዋለሁ። የዝናብ ውሃ የተኛበትን ዱካ አያለሁ፤ ውሃ ከማንም በላይ ዝቅ ያለውን ያውቃል። አንዳንዴ ሁለት ሜትር ወደፊት መቆም ሦስት ጣውላ ያስቀራል። የቁልቁለቱ አቅጣጫ ከፊት ወደ ኋላ እንዲሆን አድርጌ ማቆም ከቻልኩም ደስ ይለኛል፤ እሱን ክሪኩ ይጨርስልኛል። ልክ አለው ታዲያ። ክሪኩ እስከ ጫፉ ከወጣ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ስሩ እንጨት መደራረብ ይመጣል። ያኔ ቦታ መቀየር ይሻላል። አንዴ በግትርነት አልቀይርም ብዬ ሰዓት ተኩል ፈጅቻለሁ፤ ከዚያ ቀየርኩ።

ጠዋት ላይ እንደገና አያለሁ። ሌሊት ጎማው ጣውላውን፣ ጣውላውም አፈሩን እየተጫነ ትንሽ ይወርዳል፣ በተለይ ዘንቦ ካደረ። አብዛኛውን ጊዜ የፊቱን ክሪክ ሩብ ዙር ማዞር ይበቃል። ያኔ ግን እግሮቹን መጀመሪያ ላላ ማድረግ እንዳይረሳ። ረስቼ አውቃለሁ፤ በሩ እንደገና ያዘኝ።

ሁሉም ሲያልቅ አንድ የመጨረሻ ፈተና አለኝ። በሩን ግማሽ ድረስ ከፍቼ እለቀዋለሁ። በራሱ ካልተከፈተ፣ በራሱ ካልተዘጋ፣ ጫማዬን አወልቃለሁ። ባለቤቴ ግን በሩን አታምንም። አሁንም ቀድማኝ ትገባና ብዕሩን ጠረጴዛው መሃል ታስቀምጣለች።