ሂሳብ የማይገባኝ ትልቅ ሰው ነኝ፤ የምኖረው እንዲህ ነው

ሠላሳዎቹን ካጋመስኩ ቆየሁ። ዲግሪ አለኝ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ህዝብ ግንኙነት ክፍል እሰራለሁ፣ ለአለቆች ንግግር እጽፋለሁ። 8 ሲደመር 7 ስንት ነው ካላችሁኝ ግን እጄን ጠረጴዛ ስር ደብቄ ጣቴን እቆጥራለሁ። መሃል ላይ ሰው ካናገረኝ እንደገና ከሀ ነው የምጀምረው።

ዲስካልኩሊያ ይባላል። የሰማሁት ከሐኪም አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ልጁን ሂሳብ ሲያስቸግራት ጊዜ ትምህርት ቤቷ መረመራት (እዛ የመንግስት ትምህርት ቤት አንድ ልጅ የመማር ችግር ሳይኖርበት አይቀርም ብሎ ከጠረጠረ በነጻ የመመርመር የህግ ግዴታ አለበት) እና ውጤቱን በስልክ ይነግረኝ ጀመር። ሰዓት ማንበብ ያቅታታል፣ ግራና ቀኟ ይምታታባታል፣ ትናንት የሸመደደችው ማባዣ ዛሬ አዲስ ይሆንባታል፣ ንባብ ላይ ግን የሚስተካከላት የለም። እያወራ ቆም አለና "አንቺ፣ ይቺ ልጅ እኮ ቁርጥ አንቺን ናት" አለኝ። ያን ሌሊት ሳነብ አደርኩ።

ብዙ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሦስት አራት ፍሬ ሽምብራ ቢበተንለት ሳይቆጥር ብዛቱን ይናገራል። እኔ እቆጥራለሁ። አንጎላችን ውስጥ፣ ከአናታችን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ብዛትን የሚገነዘብ ክፍል አለ፤ እኛ ጋ እሱ ለየት ባለ መንገድ ነው የሚሰራው። ስንፍናም ሞኝነትም አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከመቶ ሰው ከ3 እስከ 7 የሚሆነው አለበት ይላል። 60 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ሁለትም አራትም ልጅ ማለት ነው (ይህን ያሰላልኝ ስልኬ ነው)። ላዲስላቭ ኮሽች የሚባል የቼኮዝሎቫኪያ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ልጆች ዲስካልኩሊያ ጽፏል። እኔ ገና አልተወለድኩም። ከዛ ስንት ዓመት በኋላ የኛ መምህር የደብተሬን ጀርባ ማባዣ በቃሌ ካልወጣሁት በአርጩሜ ይለኝ ነበር።

ስለ ትምህርት ቤት ብዙ አላወራም፣ ታውቁታላችሁ። አማርኛና ታሪክ ላይ አንደኛ፣ ሂሳብ ላይ መሳቂያ። ቤት ደግሞ "ስትፈልጊማ ትችያለሽ" ይሉኛል። ይሄ አባባል ከአርጩሜው በላይ ነው ያመመኝ። ከሂሳብ ላመልጥ ሶሻል ገባሁ፤ እዛም ጠበቀኝ፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ላይም ጠበቀኝ።

ወንድሜ ከነገረኝ በኋላ አዲስ አበባ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሄድኩ። ረጅም ጊዜ ወስዳ አየችኝ። አንድ ያለችኝን ልንገራችሁ፦ ሂሳብ የከበደው ሁሉ ዲስካልኩሊያ አለበት ማለት አይደለም። በደንብ ያልተማረ አለ፣ ሂሳብ ሲያይ ፍርሃት የሚያስረው አለ፣ እንደኔ ደግሞ ዲስካልኩሊያውንም ፍርሃቱንም ደርቦ የያዘ አለ። መድኃኒት የለውም። ልምምድና ዘዴ ነው ያለው።

ልምምዱን ስጀምር እልኸኛ ነበርኩ። አስጠኚ ቀጥሬ ከስምንተኛ ክፍል አልጀብራ ጀመርኩ፣ ሰዓት እየቆጠረ የሚያፋጥን የስልክ ጨዋታም ጫንኩ። ሁለቱም ገደል ገቡ፤ ሰዓቱ መቁጠር ሲጀምር ልቤ ይመታል፣ የማውቀውም ይጠፋኛል። የሰራልኝ እስከ አንደኛ ክፍል መውረድ ነው። ሽምብራ ዘርግቼ አስር መሙላት ተለማመድኩ። 8 እና 7 ሲመጣ ከሰባቱ ሁለቱን አንስቼ ለስምንቱ እሰጣለሁ፣ አስር ይሞላል፣ አምስት ይተርፋል። አስራ አምስት። ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን መደመር ማለት ምን እንደሆነ በአይኔ ያየሁት ያኔ ነው፣ ከዛ በፊት ዝም ብሎ የሚሸመደድ ግጥም ነበር። ማባዣ ላይም መሸምደዱን ትቼ የሁለት፣ የአምስትና የአስርን ብቻ ያዝኩ። 7 ጊዜ 8 ከመጣ አምስት ስምንት 40፣ ሁለት ስምንት 16፣ ባንድ ላይ 56። ይዘገያል፣ ግን ይደርሳል።

ገበያ ላይም እንደዛው ነው። ሽንኩርት ኪሎው 80 ከሆነና ሁለት ኪሎ ተኩል ከፈለግኩ በልቤ አላባዛም፤ 80፣ 80፣ 40 እያልኩ ብሩን እጄ ላይ ለየብቻ አስቀምጣለሁ። ነጋዴዋ "እመቤቴ፣ ምነው ዘገየሽ?" ካለችኝ ትጠብቅ።

የሥራ ቦታው ግን ይብስ ነበር። መስክ ወጥቶ መመለስ ደስ ይለኛል፤ አበል ማወራረድ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። 6,748 ያለውን 6,784 ብዬ እገለብጣለሁ፣ ሦስቴ አይቼውም ልክ ይመስለኛል። የፋይናንሷ ሴትዮ ወረቀቱን እየመለሰችልኝ "የኔ እህት፣ ይሄ እኮ አይገጥምም" ስትለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር። አንድ ቀን በሩን ዘጋሁና ነገርኳት። "ቁጥር ሳነብ ቦታ ይቀያየርብኛል፣ ስንፍና አይደለም፣ ስም ያለው ነገር ነው።" ትንሽ ዝም አለችና "ታዲያ ይሄን እስከዛሬ ምነው ደበቅሽኝ? ነይ አብረን እንየው" አለች። አሁን እኔ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሷ ደረሰኙን ታያለች። ድምሩን ኤክሴል ይሰራዋል። ቫትን በተመለከተ ጠረጴዛዬ ላይ "ለ1.15 አካፍል" የሚል ወረቀት ለጥፋልኛለች። ምክንያቱም 1,150 ብር ከሚል ደረሰኝ ላይ ከቫት በፊት ያለውን ዋጋ ለማግኘት 15 በመቶውን ቀንሼ 977 ብር ከ50 ይዤ እመጣ ነበር፣ ትክክለኛው ግን 1,000 ነው። ለምን እንደሆነ ስታስረዳኝ ይገባኛል፣ በማግስቱ ይጠፋል። ወረቀቱ ግን አይጠፋም።

ከሁሉም የጠቀመኝን ዘዴ ያገኘሁት ባንክ ቤት ነው። የገቢ ወረቀቱ ላይ "በአሃዝ" እና "በፊደል" የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ አይደል? እኔ በፊደል ስጽፍ ተሳስቼ አላውቅም። አሃዝ ይሸሸኛል፣ ቃል ግን አይከዳኝም። ስለዚህ ሁሉንም ነገር በፊደል ማድረግ ጀመርኩ። በቴሌብር ገንዘብ ለመላክ "አምስት መቶ ብር" ብዬ በአፌ ተናግሬ ዜሮዎቹን በጣቴ ነክቼ ካልቆጠርኩ በስተቀር አልልክም። የቤት ኪራይ፣ የእቁብ፣ የመብራት ሁሉ በፊደል ተጽፎ ግድግዳ ላይ አለ።

ሚኒባስ ላይ የመጨረሻው ወንበር ላይ አልቀመጥም። እዛ ከተቀመጡ የሁሉንም ሂሳብ ሰብስቦ ለረዳቱ ማቀበልና መልስ ማከፋፈል አለ። ሌላ ቦታ ከሌለ ገና ከመቀመጤ ለጎረቤቴ "ወንድሜ፣ አንተ ሰብስብልን፣ እኔ ሂሳብ ያምታታኛል" እላለሁ። በፊት ይህን ከማለት በእግሬ መሄድ ይቀለኝ ነበር። የሚገርመው የሚስቅብኝ የለም። ግማሹ "እኔም" ይላል።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ አለላችሁ። ወንድሜ ጋ ለመደወል መጀመሪያ የአገር ልዩነት፣ ከዛ የኛና የፈረንጅ አቆጣጠር፣ በዛ ላይ እነሱ በዓመት ሁለቴ ሰዓት ይቀይራሉ! ወንድሜ ነው የገላገለኝ። በነሱ በጋ እሱ ሰዓት ላይ አንድ ስጨምር የኛ ይመጣል፣ በክረምታቸው ሁለት። እሱ ጠዋት 9 ካለ እኔ ጋ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ነው፣ ሲበርዳቸው 11። አለቀ።

ልጁ አሁን ትምህርት ቤት ውስጥ ለሷ ብቻ የተዘጋጀ እቅድ አላት፣ ፈተና ላይም ተጨማሪ ጊዜ ይሰጣታል። በቪዲዮ እየተደዋወልን ሽምብራ እንዘረጋለን፣ እሷ ቶሎ ትይዛለች። እዚህ ላላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ሌላው ላይ ጎበዝ ሆና ሂሳብ ላይ ብቻ ከተንገዳገደች ከመቆጣታችሁ በፊት ጥቂት ፍሬ በትናችሁ እንዴት እንደምትቆጥር እዩ። ያ ምርመራ አይደለም፣ ባለሙያ ለማማከር ግን ሰበብ ይሆናችኋል።

ምንም ዘዴ ያላገኘሁለት ነገር የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ መቀየር ነው። ዓመቱ ላይ አንዴ 7 አንዴ 8 ይደመራል፣ ወሩ መሃል ላይ ይጀምራል፣ ጳጉሜ አለች። ተውኩት። የልደት ቀኔን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ መታወቂያዬ ጀርባ ላይ አጥፌ አስቀምጫለሁ፤ ፎርም ስሞላ አወጣና እገለብጣለሁ።